የሐሙስ እናት

እኔ ቀናተኛ ነኝ። ቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ የሚመጣው ነገር ግራ እንዳያጋባችሁ ነው። በባል አልቀናም፤ ባል የለኝማ! በወርቅም በልብስም አልቀናም። ሮማ ስኖር ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የቀናሁት በአንድ ሰው ብቻ ነው። እሷም ገነት ናት።

ገነትና እኔ የጉለሌ ልጆች ነን፤ አንድ ክፍል ተምረናል፤ ወደ ጣሊያንም የመጣነው በአንድ አውሮፕላን ነው። እሷ ገና ሁለተኛ ዓመቷን ሳትጨርስ አንድ ደግ የአውቶቡስ ሹፌር አገባችና ኦስቲያ፣ ባሕሩ አጠገብ ቤት ገባች። ጣሊያናዊ አግብታለችና ፓስፖርቱም ተከትሎ መጣ። እኔ ደግሞ ፊሳ ገባሁ። ፊሳ ማለት ከአሠሪ ቤት እያደሩ መሥራት ነው። የራስሽ የምትይው ጊዜ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። የልጄ አባት እርጉዝ እያለሁ ወደ ሰሜን አገር አቀናና በዚያው ቀለጠ።

የእሷ ማርታና የኔ ህሊና የተወለዱት በአንድ ክረምት ነው። ህሊና ሦስት ዓመት ሲሞላት እንከራይባት ከነበረችው ክፍል ተባረርን። ሲኞራዬ ደግሞ፣ «አንቺን እንጂ ልጅ አልቀጠርኩም» አለችኝ። እንደኔ ያሉት ሁሉ በዚያን ጊዜ የሚያደርጉት ይታወቃል፤ ልጁን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ለአያቱ መላክ ነው። እኔም ትኬት ማፈላለግ ጀምሬ ነበር። ገነት ሰማችና፣ «አብደሻል እንዴ? ከማርታ ጋር ታድጋለቻ! አንድ ሳህን መጨመር ነው» አለችኝ። ህሊና ኦስቲያ ገባች። እኔ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ እየሄድኩ አያት ነበር።

አንድ እሑድ በሩን አንኳኳሁ። ልጄ ከፈተችልኝና ወደ ውስጥ ዞራ፣ «ማማ! እማዬ መጣች!» ብላ ተጣራች።

ማማ ያለችው ገነትን ነው። በዚያች ደቂቃ ሆዴ ውስጥ የገባው ነገር እስከ ዛሬ አልወጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ የሰዓት ሥራ አግኝቼ ኤስኲሊኖ ሰፈር ክፍል ተከራየሁና ልጄን ወሰድኩ። ስሙ ግን እንደዚያው ቀረ፤ እኔ እማዬ ነኝ፣ ገነት ማማ ናት። ህሊናን ሲያማት ለማማ፣ ከጓደኛ ስትጣላ ለማማ፣ ጸጉሯን ስትቆረጥ ፎቶው መጀመሪያ ለማማ! እኔ ፈገግ እላለሁ፤ ውስጤ ግን ይቃጠላል።

ልጆቹ ሁለተኛ ደረጃን በአንድ የቋንቋ ሊቼዮ ተማሩ፤ ጀርመንኛም አብረው አጠኑ። ባለፈው ዓመት የመጨረሻውን ፈተና እንደጨረሱ ህሊና ኩሽናችን ውስጥ ኮምፒውተሯን ከፍታ የጎረቤት አገሮቹን ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ታስተያይ ጀመር። ኦስትሪያ፣ ስሎቬኒያ፣ ፈረንሳይ። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

«የሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ነው እማዬ» አለችኝ። «የአውሮፓ ፓስፖርት ያለው እንደ አገሬው ልጅ ይከፍላል። ኦስትሪያ ደግሞ ለአገሬው ልጅ ክፍያ የለም በይው። የሌላ አገር ሰው ከሆንሽ ግን ክፍያው ሌላ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ሌላ፣ ባንክ ውስጥ ይህን ያህል አሳዪ የሚሉት ሌላ።»

«ለኢትዮጵያ ቅናሽ የላቸውም?»

«ለአንዳንድ አገር ይምራሉ ይላል። ፈቃዱንና ባንኩን ግን ማንም አይምርሽም።»

«እና ሮማስ?»

«ሮማማ የሚያዩት ያንቺን ገቢ ነው፤ ምንም አንከፍልም። ግን እኔና ማርታ ቪየና ነበር ያሰብነው። አስተርጓሚነት።»

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ሮማ ትቅርልኝ አልኩ በሆዴ። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አድጋ ኪሷ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ፔርሜሶ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ የኔ የዜግነት ማመልከቻ ገቢሽ አነሰ እየተባለ በተመለሰ ቁጥር እሷም አብራኝ ተመልሳለች። አሁን ግን አንድ በር አላት። እዚህ ተወልዶ ሳያቋርጥ እዚህ የኖረ ልጅ አስራ ስምንት ከሞላው በኋላ፣ አስራ ዘጠኝ ሳይደፍን ኮሙኔ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ጣሊያናዊ መሆን እፈልጋለሁ ማለት ይችላል። ቀጠሮ ይዛ ነበር፤ በፈተና ምክንያት እየተገፋ እየተገፋ ልደቷ በሚውልበት ሳምንት ሰኞ ላይ አረፈ። እኔም አልቸኮልኩም፤ የሚያስቸኩለኝ ምን ነበር?

ከቀጠሮው በፊት የነበረው እሑድ ክርስትና ተጠርተን ነበር። ሴቱ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ አበሻ ምግብ ቤት መጥቷል። ምሳ ሊቀርብ ሲል ገነት ብድግ አለች።

«ደስታዬን ስሙልኝማ! ማርታዬ ቪየና ገባች! ክፍያ የለ፣ ምን የለ!»

እልልታው ቤቱን ሞላው። አንዲቱ፣ «እንዴት ነው በነፃ?» ብላ ጠየቀች።

«ጎረቤታሞች ናቸዋ! ተስማምተዋል። የእኛ ልጅ እዚያ ስትሄድ እንደ ልጃቸው፣ የእነሱም እዚህ ሲመጣ እንደ ልጃችን።»

የእኛ ልጅ! መቼ ነው አንቺ ጣሊያን የሆንሽው አልኩ በልቤ። ይሁን፣ ይህንንም ዋጥኩት። ምሳዬን እንኳ በልቼ ብሄድ ጥሩ ነበር። ገነት ግን ወደኔ ዞረችና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አይዞሽ ወይኒ፣ ህሊናም አትቀርም። ቪየና ቤት ያየሁት ለሁለቱም ነው፤ ሁለት አልጋ አለው» አለች።

ቤት አይታለች! ለኔ ልጅ! ሳትጠይቀኝ! ዓይኔ ደም ለበሰ።

«ማን ልኮሽ?» አልኳት።

«እ?»

«ለልጄ ቤት እይላት ብሎ የላከሽ ማነው? አንዴ የወሰድሽብኝ አይበቃሽም?»

ገነት ቆማ ቀረች። «ወሰድሽብኝ አልሽ?»

«አዎ! ስሜን ሳይቀር ነው የወሰድሽው። ማማ ትልሻለቻ! ከዚህ በላይ ምን ልትወስጂ ነው?»

ቦርሳዋን አነሳች፣ የአራሷን ጉንጭ ሳመችና ወጣች። ሴቶቹ ሳህን ሳህናቸውን ያዩ ጀመር። ህሊና ከጥግ ሆና ታየኛለች።

ቤት ስንገባ፣ «ልሂድም ልቅርም፣ እኔ አልተናገርኩም» አለችኝ። «እኔ የሁለታችሁ ገመድ ጉተታ አይደለሁም።» በሯን ዘግታ ተኛች። ታምኑኛላችሁ? እኔ ግን በዚያ ሁሉ መሃል ሐሳቤ አንድ ነበር። ማርታ ቪየና ሄዳ የኔዋ ሮማ ትቀራለች? በፍጹም! ትሄዳለች። በራሷ ፓስፖርት፣ በራሷ አልጋ፣ ያለ ገነት ርዳታ ትሄዳለች። ያን ሁሉ ሳምንት እንዳትሄድብኝ የፈራሁት ሴትዮ፣ ቅናት ሲነሳብኝ ሻንጣዋን ልሸክምላት ደረስኩ።

ሰኞ ኮሙኔ ተቀመጥን። ሠራተኛው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰውዬ ነው። ኮምፒውተሩን ሲያገላብጥ ቆየና ፊቱ ጨፍገግ አለ።

«አሎራ... ሲኞራ፣ ልጅትዋ ከሦስት ዓመቷ እስከ አምስት ዓመቷ ገደማ የት ነበረች?»

«እዚሁ ነዋ!»

«መዝገብ ላይ የለችም። የድሮው አከራይ ለቀዋል ብሎ አመልክቶ ስሟ ተሰርዟል። ከዚያ ኤስኲሊኖ ነው የምትታየኝ። መሃሉ ባዶ ነው።»

ሲኞራዬ ልጅቷን በቤቷ አድራሻ አላስመዘግብም ብላ ነበር። ገነት ጋ ላስመዘግባት እችል ነበር፤ ግን የልጄ ስም በገነት ቤተሰብ ወረቀት ላይ እንዲወጣ አልፈለግኩም። ለምን እንደሆነ አሁን ታውቁታላችሁ።

ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወደ አያቷ ልከዋት ነበር? ብዙዎቻችሁ ትልካላችሁ፤ አውቃለሁ። ከሆነ ግን መኖሪያዋ ተቋርጧል፤ መብቱም የለም።»

«አልላክኋትም! ኦስቲያ ነበረች። አንድ ሰው ቤት።»

«ቫ ቤኔ። እንግዲያው ያስረዱኝ። ክትባት አልፎ አልፎ ስለሆነ ብቻውን አይበቃኝም፤ የአዚሎ ማስረጃ ያምጡልኝ። በየቀኑ ትሄድ ከነበረ እቀበላለሁ። ዓርብ ከምሳ በፊት ግን እዚህ መሆን አለበት። ቅዳሜ አስራ ዘጠኝ ይሞላታል።»

አዚሎው፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ የመነኮሳት ነበር፤ ያስገባቻት ገነት ናት፣ ያመላለሰቻትም ገነት ናት። እኔ የማውቀው በሩንና በሩ ፊት ያለውን አግዳሚ ብቻ ነው። ደጅ ወጥተን ህሊናን፣ «ደውይላት» አልኳት።

«እኔ አልደውልም።»

«ያንቺ ጉዳይ እኮ ነው!»

«እኔ ብደውል አሁኑኑ ሮጣ ትመጣለች፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። የሰደብሻት አንቺ ነሽ፤ አንቺ ደውይ።» ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ልጄ እልኸኛ ናት፤ ከማን እንደወረሰችው አትጠይቁኝ።

ደወልኩ። አይነሳም። ማታም ደወልኩ፤ አይነሳም። በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስቀርቼ የኦስቲያን ባቡር ያዝኩ። ባቡሩ በዋናተኛ ታጭቋል፤ ጃንጥላና የምግብ ሳጥን ጭኔ ላይ ጭነውብኛል። ሁሉም ወደ መዝናኛው፣ እኔ ወደ ፍርዴ። መንገዱን ሙሉ የምላትን ነገር አዘጋጀሁ፤ በሯ ላይ ስደርስ አንዱም አፌ ላይ አልነበረም።

ገነት ከፈተች። ጸጉሯን በፎጣ ጠቅልላለች።

«ምን ፈለግሽ?»

ይቅርታ በይ አለኝ ልቤ። አፌ ግን፣ «ወረቀት ፈልጌ ነው» አለ።

«ወረቀት!» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ግን አያስቅም። «የሰው ልጅ ከሚሰርቅ ሰው ወረቀት ይጠየቃል?»

«ለኔ አይደለም ገኒ። ለህሊና ነው። እስከ ዓርብ ካላገኘን ዜግነቷ ቀረ።»

ፎጣውን ከራሷ ላይ አወረደች። ምንድን ነው፣ እንዴት ነው አላለችም። «ቆዪ፣ ጫማዬን» ብላ ገባች። ይኸው ነው ገነት። ልትጣያት ስትይ እንኳ አትመችም።

አዚሎው ድረስ ተከታትለን ሄድን። በሩን የከፈተችልን ወጣት መነኩሲት ናት። ጉዳዩን ስነግራት አንገቷን ነቀነቀች።

«ቢሮው ለዕረፍት ተዘግቷል። በመስከረም ይምጡ።»

«በመስከረም ምን ያደርግልኛል እህቴ?» አልኳት። «ዓርብ ነው የምፈልገው!»

«የድሮ ፋይል ፎቅ ላይ ነው፤ ቁልፉም የኃላፊዋ ነው። ደግሞ እናትየዋ ናት መጠየቅ ያለባት።» ይህን ስትል የምታየው ገነትን ነበር።

ገነት እኔን እያየች፣ «እናትየዋማ እሷ ናት» ማለት ስትጀምር ከግቢው ውስጥ፣ «ጀነት!» የሚል የአሮጊት ድምፅ ተጣራ። ጥዱ ሥር አንዲት ያረጁ መነኩሲት ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ሱኦር ሊና ናቸው፤ ያን ጊዜ የሕፃናቱ አስተማሪ የነበሩት።

«ጀነት! ልጆችሽ እንዴት ናቸው? ሁለቱም ደህና?»

ሁለቱም! ጎንበስ ብዬ ወጥቼ ብሄድ ደስ ባለኝ።

ገነት ክንዴን ይዛ ወደፊት ጎተተችኝ። «የኔ አንዷ ብቻ ናት ሱኦር። ህሊና የእሷ ልጅ ናት።»

አሮጊቷ መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ባቄላውን ከነሳህኑ አስቀመጡና እጃቸውን አጨበጨቡ። «ላ ማማ ዴል ጆቬዲ! የሐሙስ እናት! እርስዎ ነዎት?»

የሐሙስ እናት። እንዲያ ነበር ለካ ስሜ። ገነት የየቀኑ፣ እኔ የሐሙስ።

«ሥራ ነበረኝ ሱኦር» አልኳቸው። «ቢፈቅዱልኝ በየቀኑ እመጣ ነበር።»

«ይህንን ማን ጠየቀዎት?» አሉ አሮጊቷ ገርሟቸው። «እርስዎን እንዴት እረሳለሁ? በእርስዎ የተነሳ ሐሙስ ሐሙስ ስንት መከራ አየን! ያቺ ልጅ ሐሙስ ምሳ አትበላም። ከምሳ በኋላ ሁሉም ሲተኛ አትተኛም። ከሁሉ የባሰው ኮቷ! ጠዋት ለብሳው ከመጣች አታወልቅም። ማሞቂያው እየነደደ፣ ላብ በግንባሯ እየወረደ፣ በሩ ፊት ያችን ትንሽ ወንበር ይዛ ትቀመጣለች። እናውልቅልሽ ስንላት ምን ትለን እንደነበር ያውቃሉ? ‹እናቴ ስትመጣ ኮት ስለብስ ጊዜዋ እንዳያልቅ።›»

ምን ልበላችሁ? ያ ኮት ትዝ ይለኛል፤ ቀይ፣ ለማርታ ጠብቧት ለእሷ የተላለፈ። ሐሙስ በሩ ሲከፈት ሁልጊዜ ለብሳው ነበር የማገኛት። እኔ ደግሞ ምን እል ነበር መሰላችሁ? ቶሎ ውሰጅልን ብለው አልብሰው አወጧት፣ ገነት ናት እንዲህ ያዘዘቻቸው እል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ኮት ስቀና ኖሬያለሁ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ። ዞር ስል ገነትም ታለቅሳለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አልኳት በአማርኛ።

«ማርታ አንድ ቀን ኮት ለብሳ ጠብቃኝ አታውቅም» አለችኝ። «ለምን ትጠብቀኛለች? ሁሌ አለሁላታ! ሐሙስን እንዴት እጠላው እንደነበር ብታውቂ። ረቡዕ ማታ አቅፋኝ ትተኛለች፤ ሐሙስ ጠዋት ከነመፈጠሬም ትዝ አልላትም። አንቺ ይዘሻት ስትወጪ መስኮት ላይ ቆሜ፣ ‹ምን አድርጋላት ነው እንዲህ የምትወዳት› እላለሁ።»

«አንቺ? በኔ?»

«አዎ በአንቺ! ምን ያስቃል?»

ሳቅኩ መሰለኝ። ከነእንባዬ ሳቅኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን፣ ባል ያላት፣ ቤት ያላት፣ ባሕር ያላት ገነት በአንዲት ፊሳ ሠራተኛ የሐሙስ ከሰዓት ትቀና ነበር!

ሱኦር ሊና የምንለው ባይገባቸውም ጊዜ አላጠፉም። ወጣቷን በዓይናቸው ጠሯት። «ቁልፉ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስልክ ደውይላት። እኔ ልጅቷን አስታውሳለሁ፤ ወረቀቱ ደግሞ እኔን ያስታውስልኛል። ውጪ፣ ውጪ፣ ፎቁ አይውጥሽም!» ወጣቷ መነኩሲት ደውላ አስፈቀደችና ቀልጠፍ ብላ ወጣች። የሁለቱም ዓመት የመገኘት ማስረጃ ማኅተም ተደርጎበት እጄ ገባ። በማግስቱ ደግሞ ገነት ከጤና ጣቢያው የክትባቱን አወጣች።

ኮሙኔ ሦስት ሆነን ተመለስን። ሰውዬው አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ መለሰ። «ማን ነበር በየቀኑ የሚያደርሳት?» ብሎ ጠየቀ።

ገነት መሬት መሬት ታያለች። ህሊና እኔን ታየኛለች።

«እሷ ናት» አልኩ። «ገነት ናት ያሳደገቻት። እኔ ሐሙስና እሑድ ነበርኩ።»

ያቺን አረፍተ ነገር ለመናገር የወሰደብኝን ጉልበት ሮማ ውስጥ ያጠብኩት ወለል ሁሉ አልወሰደብኝም። ሰውዬው ህሊናን እንድትቆም ጠየቃት። ልጄ ቆመች፤ ጣሊያናዊ መሆን እፈልጋለሁ አለች፤ ፈረመች። በቃ። ከዚያ ደጅ ወጥታ አንድ እጇን በኔ አንገት፣ አንድ እጇን በገነት አንገት ጠምጥማ እንደዚያ እንዳቀፈችን መንገድ ላይ ቆምን። ሞተር ሳይክሎቹ ጡሩንባ እየነፉብን ያልፋሉ።

መኸር ላይ ሁለቱ ልጆች ቪየና ሄዱ። ክፍያ የለም፣ እንደ አገሬው ልጆች ናቸው። የሚኖሩትም ገነት ባየችው ሁለት አልጋ ባለው ቤት ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ልጃችሁን ሰው ቤት አሳድራችሁ የሰው ልጅ የምታሳድጉ እህቶቼ፤ ይህ ነገር ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ፣ ቅናቴን አላጠፋውም። አልዋሻችሁም። ጎረቤት አገሮች ተቀምጠው፣ ተስማምተው፣ ልጅሽ ልጄ ናት ሲባባሉ እንዴት ቀለል ይላቸዋል እያልኩ እገረማለሁ፤ እኔና ገነት እዚያ ለመድረስ ይህን ሁሉ ዘመን ፈጀን። የተለወጠው ሌላ ነው። እኔ ልጄን ያጣኋት በነዚያ ባልነበርኩባቸው ቀናት ይመስለኝ ነበር፤ ቀናቱንም እንደ ዕዳ ተሸክሜያቸው ኖሬያለሁ። አሁን ግን ያ ቀይ ኮት አለኝ። ማንም የማይወስድብኝ እሱ ነው።

ህሊና ለገነት በየቀኑ ትደውልላታለች። ወጡ እንዴት ይሠራል፣ ጉንፋን ይዞኛል ምን ልጠጣ፣ ማርታ አናደደችኝ፤ ሁሉንም ለማማ። አዎ፣ አሁንም እቀናለሁ! ለኔ የምትደውለው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ቀኑን የመረጠችው ራሷ ናት፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ሐሙስ ከሰዓት ሥራ አልይዝም። ስልኩ እስኪጮህ ድረስ ከቤት አልወጣም፤ ምሳም አይወርድልኝ።